ያረጀ መኪና ሲያጉረመርም፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንዴት ይታወቃል?

ባሕር ዳር፡- የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ለገበያ በሚደርስበት ሰሞን ከመርዓዊ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ጭነት በያዙ አሮጌ ፒካፖች ይሞላል። ከእነዚህ በአንዱ፣ ዕድሜው ከእኔ በሚበልጥ ቶዮታ፣ ከአንድ አርሶ አደር ጋር ተሳፍሬ ስመጣ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከወለሉ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ተነሣ። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁም ጨመረ፤ ሲቀንስ አብሮ ረገበ። ባለንብረቱ ከድምፁ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። አንድ ባለሙያ ካምቢዮው ተፈትቶ መታየት እንዳለበት ነግሯቸው ስለነበር፣ ለዚሁ ወጪ ከሽንኩርቱ ሽያጭ ከፍተኛውን ድርሻ ሊመድቡ አስበዋል።

ካምቢዮው ግን ጤነኛ ነበር። የታመመው የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው። እኔም ብሆን በመጀመሪያ ካምቢዮውን ጠርጥሬ ነበርና ስሕተቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ድምፅ በመኪናው ብረት ውስጥ ተጉዞ ከተነሣበት ርቆ ስለሚሰማ ጆሮን በቀላሉ ያታልላል። ያም ሆኖ አንድም ብሎን ሳይፈታ መነሻውን ማጥበብ ይቻላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ የጎማውን ዙረት የሚለው ነው። መኪናው በቆመበት፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ማርሹ ነጻ ሆኖ ነዳጅ ይስጡት። ቆሞም ካጉረመረመ ጥፋቱን በሞተሩ ዙሪያ ይፈልጉ፦ የዲናሞ ወይም የውኃ ፓምፕ ኩሽኔታ፣ የቺንጋ መወጠሪያ፣ አለዚያም የተቀደደ ማርሚታ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቆመው ፍሪሲዮን ሲረግጡ ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ ያን ጊዜ ካምቢዮን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሲረግጡ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ቆሞ ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ተሽከርካሪ በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ ማርሹን ለጥቂት ሰከንድ ነጻ ያድርጉት። የሞተሩ ዙር ወርዶ ጉርምርምታው ሳይለወጥ ከቀጠለ ምንጩ ከጎማዎቹ ወገን ነው። ይህ ሙከራ በቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጎማን ከኩሽኔታ መለየት ነው። ወጣ ገባ ሆኖ የተበላ ጎማም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል፤ ነገር ግን ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ሲገቡ የጎማ ድምፅ መልኩን ይለውጣል። የኩሽኔታ ድምፅ ለመንገዱ ዓይነት ብዙም ግድ የለውም። የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቀያይረው ድምፁ ቦታውን ከለወጠም ጥፋቱ የጎማው ነው።

ኩሽኔታ መሆኑ ከተጠረጠረ የትኛው እንደሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ይናገራል። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በግራዎቹ ላይ። ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፉ ድምፁ ከባሰ ብዙ ጊዜ የታመመው የቀኙ ነው። በአርሶ አደሩ መኪና ላይ የሆነውም ይኸው ነበር፤ ወደ ግራ በሚታጠፈው በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ መኪናው እንደ ተቆጣ ውሻ ያጉረመርም ነበር።

ማረጋገጫው በክሪክ ነው። በደልዳላ መሬት ላይ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ከደገፉ በኋላ የተጠረጠረውን ጎማ ያንሡና በእጅ ያዙሩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ያለድምፅ ይዞራል፤ የተጎዳው አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስል ይንገጫገጫል። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ።

ነዳጅ ሲሰጡ የሚጨምርና ሲለቁ የሚለወጥ፣ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ የዲፈረንሻል ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ጎድሎ እንደሆነ ይታይ።

ኩሽኔታን በእኛ መንገዶች ላይ የሚገድሉት አቧራ፣ ከልክ ያለፈ ጭነትና ከሁሉ በላይ ውኃ ናቸው። ከጉዞ የጋለ የጎማ እምብርት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን ባረጀው መከላከያ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃው ግራሶውን ያበላሻል፤ ብረቱም ይዝጋል። በግብርና ኮሌጅ ስንማር ትራክተር ከጭቃ ሲወጣ ግራሶ ሳይጨመርለት አያድርም እንባል ነበር። ለፒካፕ ግን እንዲህ የሚያስብ ብዙ ሰው አላየሁም።

የአሮጌ ፒካፖች የፊት ኩሽኔታ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ግራሶ ተሞልቶ የሚመለስ ዓይነት መሆኑ መልካም ነው። በተለምዶ ይህ በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማና ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ይመከራል። ማጉረምረም ከጀመረ ግን ብረቱ ተበልቷልና ግራሶ አያድነውም። ሲቀየርም ውጫዊው ቀለበትና መከላከያ ጎማው አብረው ይቀየሩ፤ አሮጌ ቀለበት ላይ የገባ አዲስ ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ከልክ በላይ ማጥበቅም ኩሽኔታውን አግሎ ያቃጥለዋል። በቸልታ የተተወ ኩሽኔታ መጨረሻው መንከስ፣ ከዚያም ሲብስ ጎማውን ከነእምብርቱ ነቅሎ መጣል ነው፤ ከጭነቱ ላይ ሰው በተሳፈረበት መኪና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

የአርሶ አደሩ ኩሽኔታ ሲፈታ ግራሶው የደፈረሰ ጎርፍ መልክ ይዞ ነበር። ባለፈው ክረምት እህል ጭነው ወንዝ ሲሻገሩ ውኃው እስከ ጎማው እምብርት ደርሶ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው።