አረሙን ገድሎ ጤፉን የሚተው

ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ጤፍ ማሳ ላይ ሲረጭ ጠብታው ለሰብሉም ለአረሙም እኩል ይደርሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ውሎ አድሮም ይደርቃል። ጤፉ ምንም አይሆንም። ኬሚካሉ ማንን እንደሚገድል በምን ለየ?

ቱፎርዲ የሚሠራው ኦክሲን የተባለውን የተክል የእድገት ሆርሞን አስመስሎ ነው። ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ተታሎ ያለልክ ያድግና በገዛ እድገቱ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ግን የሣር ዘር ናቸው። ቅጠላቸው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ጠብታ አይዝም፤ የሚያድጉበት ጫፍም ከታች ተሸፍኖ ይቀመጣል። ዋናው ነገር ግን ወደ ውስጥ የዘለቀውን ኬሚካል ፈጥነው ለውጠው ኃይሉን ማሳጣታቸው ነው። ሳይንቲስቶች መራጭነት የሚሉት ይህንን ነው።

መራጭነቱ ታዲያ ልክ አለው። መጠኑ ከበዛ ወይም ቡቃያው ሳይጠነክር ከተረጨ ጤፉም ይጎዳል። ነፋስ ወስዶ ጎረቤት ባቄላ ላይ ካሳረፈው ደግሞ ባቄላው እንደ አረሙ ይጠወልጋል፤ እሱም ሰፊ ቅጠል ነውና። ስንዴ ውስጥ የሚበቅለው ሲናር ግን ራሱ ሣር ስለሆነ ቱፎርዲን ይቋቋማል። ለሲናር እንደ ፓላስ ያለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። እዚያም ስንዴው የሚተርፈው መርዙን ከሲናሩ ቀድሞ ስለሚሰባብር ነው። በእኔ እምነት አስደናቂው መራጭነት ይህ ነው፤ ሁለቱን ዘመዳሞች የለያቸው የፍጥነት ልዩነት ብቻ ነውና።

ሕክምናም የሚታገለው ከዚሁ የመለየት ጥያቄ ጋር ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይገነባ ያደርጋል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ የሚያፈርሰው ነገር አያገኝም። ካንሰር ግን የገዛ ሕዋሳችን ነው። የተለመደው ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዛውን ሁሉ ስለሚመታ የፀጉር ሥርንም አይምርም፤ ታማሚው ፀጉሩን የሚያጣው ለዚህ ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት የተሻለ ልዩነት አገኘ። ሥር በሰደደው አንድ የደም ካንሰር ዓይነት 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራሽ ይለዋወጡና በጤናማ ሕዋስ ውስጥ የሌለ ፕሮቲን ይፈጠራል። መድኃኒቱ የሚያስቆመው እሱን ነው። ሆኖም በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ያሉ ጥቂት ተመሳሳይ ፕሮቲኖችንም ስለሚነካ፣ ኪኒኑን የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ዓይናቸው ዙሪያ ያብጣል።