ሕመሙ ሄደ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም

የተቀደደ የትከሻ ጅማትን መስፋት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማገገሙ ግን ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ከውጭ የሚታየው ጥቂት ትንንሽ ቁስል ብቻ ስለሆነ፣ ታካሚው «ይህ ሁሉ ጊዜ ለምን?» ቢል አይፈረድበትም። ምክንያቱ ያለው ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነው።

ትከሻ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በላይ እንደልቡ የሚንቀሳቀስ ነው። የጭን አጥንት ራስ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ፣ የክንድ አጥንት ራስ ግን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳለ ብርቱካን ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ያርፋል። እንዳይንሸራተት ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፈው የሚይዙት 4 ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው፤ ሐኪሞች በአንድነት «ሮቴተር ከፍ» ይሏቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው ከላይ በኩል የሚያልፈው ጅማት ነው። መውደቅ ወይም ከባድ ዕቃ በድንገት ማንሳት ሊበጥሰው ይችላል፤ ከዕድሜ ጋር እየሳሳ መቀደዱም የተለመደ ነው። ጅማታቸው ተቀዶ ሳለ ምንም የማያማቸው አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በኤም አር አይ መቀደዱ ስለታየ ብቻ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች በፊዚዮቴራፒ ይሻላቸዋል።

ይህን ጅማት በመስፋት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ያደረገውን ቀዶ ሕክምና በ1911 ለሙያ ባልደረቦቹ አሳወቀ። ጎንበስ ብሎ ክንድን በማንጠልጠል ቀስ አድርጎ የማወዛወዙ እንቅስቃሴ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ኮድማን ሆስፒታሎች እያንዳንዱን ታካሚ የሕክምናው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ለረጅም ጊዜ መከታተል አለባቸው ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር። ለትከሻ ይህ ሐሳብ በጣም ይሠራል፤ የስፌቱ ዕጣ የሚለየው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነውና።

ቀዶ ሐኪሙ ክር የታሰረባቸውን ትንንሽ መያዣዎች አጥንቱ ውስጥ ይተክላል፤ ከዚያም በክሮቹ ጅማቱን ወደ ቦታው ጎትቶ ያስረዋል። ክሩ ማስጠጋት እንጂ ማዋሐድ አይችልም፤ ያ የሰውነት ሥራ ነው። በተፈጥሮ ጅማት ከአጥንት ጋር የሚገናኘው ቀስ በቀስ እየጠነከረ በሚሄድ የካርቲሌጅ ሽግግር ነው። ከስፌት በኋላ ይህ ሽግግር እንደነበረው አይመለስም፤ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አካባቢው ይቆጣል። በሚከተሉት ሳምንታት ልል የሆነ ኮላጅን ይሞላዋል። ከዚያ ወራት በፈጀ ሂደት የኮላጅኑ ክሮች ጉተታው ባለበት አቅጣጫ እየተሰለፉ ይጠነክራሉ። በ6ኛው ሳምንት ሕመሙ በእጅጉ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ጠባሳው ግን ገና ለጋ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የማገገሚያው ቅደም ተከተል የተቀረጸውም በዚሁ ልክ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክንዱ በማንገቻ ይያዛል፤ በዚህ ጊዜ ጣቶች፣ የእጅ አንጓና ክርን ይንቀሳቀሳሉ፣ ትከሻው ግን ሐኪሙ በፈቀደው መጠን በሌላ ሰው ወይም በጤነኛው እጅ እርዳታ ብቻ። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ታካሚው ክንዱን በራሱ ጉልበት ማንሳት ይጀምራል። ጡንቻ ማጠንከሩ ወደ 3ኛው ወር አካባቢ ይመጣል። ከባድ ሥራ ብዙ ጊዜ 6 ወር ይጠብቃል። የተቀደደው የጅማቱ ክፍል ሰፊ ከሆነ ሁሉም ይዘገያል። ፈርቶ ጨርሶ አለማንቀሳቀስም ትከሻን ያደርቃል።

ዝግጅቱ ከቀዶ ሕክምናው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ይጀምራል። ኒኮቲን ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ሲጋራ ማቆም ለስፌቱ ትልቅ ውለታ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት፤ ያለዚያ ለኢንፌክሽንና ለትከሻ መድረቅ ይጋለጣል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ለሐኪሙ ይናገር፤ በራሱ ፈቃድ አያቁም። ጠባሳው የሚሠራው ከፕሮቲን ነውና በጾም ወቅት ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከማዕድ አይጥፉ። በብብትና በትከሻ ቆዳ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ቁስሉን ሊመርዝ ስለሚችል ሰውነትን በታዘዘው መሠረት መታጠብ ያስፈልጋል፤ ብብትን በምላጭ መላጨት ግን ቆዳን ስለሚያቆስል አይመከርም።

ቤቱም ይዘጋጅ። ለሳምንታት ጋደም ብሎ መተኛት ስለሚከብድ በትራስ ተደግፎ የሚታደርበት ቦታ ያሻል። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ፣ እስከ ወገብ ከፍታ የወረደ ዕቃ፣ በሌላው እጅ ጥርስ የመቦረሽና የመጉረስ ልምምድ አስቀድመው ይደረጋሉ። ክንዱን ለማደንዘዝ የሚሰጠው መርፌ ኃይሉ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ሲለቅ ሕመሙ በአንዴ ስለሚመጣ የታዘዘውን ማስታገሻ ቀድሞ መውሰድ ይበጃል። ትኩሳት፣ መግል፣ የእግር ባት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በእኛ ቤት ጠያቂ አይጠፋም። ችግሩ ያለው በ2ኛውና በ3ኛው ወር ነው፤ ማንገቻው ወልቋል፣ ታካሚው ደኅና ይመስላል፣ ጀሪካኑ ደግሞ አጠገቡ ነው። እርዳታውን ለዚያ ሰሞን ማከፋፈል ይሻላል፦ ውኃ ማን ይቀዳል፣ ሕፃኑን ማን ያነሣል፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ማን ያደርሳል? የሚነሣው ክብደት ስንት ኪሎ እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሚፈቀድ ከሐኪሙ አንደበት ቤተሰቡም ቢሰማው፣ ታካሚው «ሰነፍ» እንዳልባል ብሎ ስፌቱን አይበጥስም።