የጎተራ ሙላትና የበሬው ዕጣ

በዚህ ወራት በምዕራብ ጎጃም ከጅጋ አንሥቶ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው ገበሬ በየገበያው የሚያማርረው የማዳበሪያው ዋጋ የበቆሎውን ዋጋ ጥሎት መሄዱን ነው፤ ከምሬቱ በስተኋላ ግን የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዱቤ የተወሰደው ማዳበሪያ አፈር ከገባ በኋላ በረዶ ቢወርድ ወይም ተምች ቢነሣ፣ ትርፍ አምራች እየተባለ የሚመሰገነው አገር በምን ኃይል ይነሣል የሚለው ነው።

የሚሰጠው መልስ ዘወትር አንድ ነው፤ ሕዝቡ እድር፣ ወንፈልና ሰንበቴ ስላለው ይጸናል ይባላል። እነዚህን ማኅበራት ከልብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን የተሠሩት መከራ ቤት ለቤት በተራ ለሚገባበት ጊዜ ነው። የአንዱ በሬ ገደል ቢገባ የጎረቤቱ ጥማድ ያርስለታል፤ በ2009 ዓ.ም. በበቆሎው ላይ እንደ ወረደው የአሜሪካ መጤ ተምች ያለ መቅሠፍት ሲመጣ ግን አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰሞን እኩል ይሆናሉና የማኅበሩ ሣጥን ወዲያው ይራቆታል። ከዚያም ሁሉ በአንድ የገበያ ቀን በጉንና ጊደሩን ይነዳል፤ ሻጭ ሲበዛ የከብቱ ዋጋ ይወድቃልና፣ የእህሉ ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ አንድ በግ የሚገዛው እህል ያንሳል። የማዳበሪያው ዕዳ ደግሞ በረዶ ጣለ ተብሎ ስለማይቀነስ በመጨረሻ የእርሻው በሬ ይሸጣል፤ በሬውን ያጣው ገበሬም በሚመጣው ክረምት ዝናሙ ቢሰምር እንኳ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ያጣል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ ረኃብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይንር፣ እንዲያውም እህል ከወሎ እየወጣ ሕዝብ ያለቀው በዚሁ የመግዛት ኃይል መሟጠጥ መሆኑን አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

በኩንታል የሚነገረው አኃዝ ግን ይህን አያይም። የግብርናውና የስታቲስቲክሱ መሥሪያ ቤቶች የምርት ቁጥር ለብዙ ዘመን ሳይስማማ መኖሩን የተመለከተ ሰው ጽናትን በዚያ ላይ ለመመሥረት ይፈራል፤ ቢስማማም አማካዩ ባለ ጥማዱንና በሬ የለሹን ደባልቆ ይቆጥራል። መለካት የሚገባው አደጋውን ተከትለው በሚመጡት ሁለት ክረምቶች ነው፤ ስንት ቤት በገዛ በሬው አረሰ፣ አንድ በግ ስንት ቁና በቆሎ ገዛ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ስንት ቤት ያ በረዶ ካልደረሰበት ስፍራ፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ ወይም ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ፣ ገንዘብ ደረሰው።

መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት የድጋፍ መርሐ ግብር የሚመርጠው ችግር ሥር የሰደደባቸውን ወረዳዎች በመሆኑ፣ በትርፍ አምራች አገር በአንድ ክረምት የወደቀ ገበሬ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ለእርሱ የሚበጀው፣ አደጋው በተረጋገጠበት ቀበሌ የማዳበሪያው ዕዳ ወደሚመጣው መኸር እንዲሻገር አስቀድሞ በብድሩ ውል መጻፍ ነው፤ ዕዳው የሚሰበሰበው ከመኸሩ በኋላ ቢሆንም፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት እንዲጻፍ ውሉ ከግንቦት ሳያልፍ መስተካከል አለበት።