አብሮ የሚበር ምስክር

ሮክቪል ውስጥ፣ ባልቲሞር መንገድ ዳር ባለው አሮጌ መካነ መቃብር ዋልተር ጆንሰን የሚባል ሰው ተቀብሯል። ደራሲው ስኮት ፊትዝጀራልድም መጀመሪያ፣ በ1940፣ የተቀበረው እዚሁ ነበር፤ በ1975 ነው አጽሙ ፈልሶ ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሄደው። (ከአንዱ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ብዙው ጎብኚ ፊትዝጀራልድን ፍለጋ ይመጣል። እኔን እግሬ የሚያደርሰኝ ጆንሰን ጋ ነው።

ጆንሰን ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ በቤዝቦል ቋንቋ ፒቸር። ከ1907 እስከ 1927 ለ21 የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን ብቻ፣ ለዋሽንግተን ሴናተርስ፣ ወርውሮ 417 ጨዋታ አሸንፏል። በ110 ጨዋታ ደግሞ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ አላገኘበትም፤ እዚህ ቁጥር ላይ እስካሁን የደረሰ ሰው የለም። ከኳሱ ፍጥነት የተነሳ “ትልቁ ባቡር” ይሉት ነበር። ፀባዩ ግን እንደ ክንዱ አልነበረም። ከዳኛ ጋር አይጨቃጨቅም፤ ኳሱ መቺውን አግኝቶ እንዳይጎዳው ሁልጊዜ ይሳቀቅ ነበር።

ብዙ የማይነሳለት ግን ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው። በ1939 ጆንሰን ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ የድሮ ቡድኑን ጨዋታ በራዲዮ አስተላልፏል። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ይህን የጨዋታ አስተላላፊነት የሚባል ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደሱ የሚወደድ ድምፅ ጥቂት ነው፤ ከሚያወራላቸው ተጫዋቾች ጋር እንደሱ የሚጣላም እንደዚያው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረጉኝ አንድ ጋሼ ናቸው። ከዓመታት በፊት በአንድ መኪና ሥራ እንሄድ ነበር። 270 መንገድ ሲዘጋጋ የዛሬውን የዋሽንግተን ቡድን፣ የናሽናልስን፣ ጨዋታ በራዲዮ እከፍታለሁ። ጋሼ ቤዝቦል አያውቁም፤ ድምፁን ግን ያዳምጣሉ። አንድ ቀን አስተላላፊው ወጣቱን ፒቸር፣ “ዛሬ ኳሱን የት እንደሚጥለው እሱም አያውቅም” በሚል ዓይነት ንግግር ሲተቸው ሰሙና ወደኔ ዞሩ።

“ይሄ ሰውዬ ደሞዙን ማነው የሚከፍለው?”

“ቡድኑ ነው ጋሼ፣ ወይም ቡድኑ ድርሻ ያለበት ጣቢያ።”

“ታዲያ ልጁን እንዲህ ይለዋል? የማን ወገን ነው?”

ያን ቀን ጥሩ መልስ አልነበረኝም።

እኛ ለድምፅ ባዕድ አይደለንም። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ የሰማ ሰው፣ ጨዋታውንና የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ለይቶ ማስታወስ አይችልም። ልዩነቱ ደምሴ የአገር ራዲዮ ጋዜጠኛ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል አስተላላፊ የአንድ ቡድን ሰው ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በየቀኑ ማለት ይቻላል። አስተላላፊው በነዚህ ሁሉ ምሽቶች በሰው ወጥ ቤት፣ በሰው መኪና፣ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ይገባል። ተጫዋቹ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሸጣል፤ ድምፁ ሃያ ዓመት ይቆያል። ቦብ ካርፔንተር የናሽናልስን ጨዋታ በቴሌቪዥን ማስተላለፍ የጀመረው በ2006 ነበር፤ የተሰናበተው በ2025 ነው። በዚያ መሃል ስንት ፒቸር መጥቶ ሄደ!

ድሮ አስተላላፊው ከቡድኑ ጋር አይጓዝም ነበር። በዋሽንግተን ከ1934 ጀምሮ የሕዝብ ጆሮ የነበረው አርች ማክዶናልድ ነው። ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ማክዶናልድ ዋሽንግተን ይቀራል። ከኋይት ሃውስ ብዙ በማይርቀው ጂ ጎዳና ላይ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ በመስታወት በኩል በሚታይ ክፍል ይቀመጣል። ከሜዳው በቴሌግራፍ የሚመጣው አጭር መልእክት ነው፤ ኳሱ ተመታ፣ ሯጩ አንደኛው ቤዝ ደረሰ፣ ይህን ያህል። ማክዶናልድ ከዚያች ቁራጭ ወረቀት ሙሉ ጨዋታ ይሠራል። አንድ ቤዝ የሚያስገኝ ምት ሲመታ ደወል አንድ ጊዜ ይደውላል፤ ሁለት ቤዝ ከሆነ ሁለት ጊዜ። ውጭ የቆመው ሕዝብ በመስታወቱ እያየው ደወሉን ይቆጥራል። ይህን ሰው ነው በ1939 ኒው ዮርክ የወሰደችው፤ ቦታውን የተካውም ዋልተር ጆንሰን ነው። በ1940 ማክዶናልድ ተመለሰ፣ ጆንሰንም ወደ ጀርመንታውን እርሻው።

መድኃኒት ቤት ተቀምጦ የሚያወራን ሰው የትኛው ተጫዋች ሊጣላው ይችላል? መቼም ፊት ለፊት አይገናኙም። ጠቡ የበረታው አስተላላፊው አውሮፕላኑ ላይ ሲሳፈር ነው። ዛሬ አስተላላፊ ከቡድኑ ጋር ይበራል፣ በአንድ ሆቴል ያድራል፣ በአንድ አውቶቡስ ሜዳ ይደርሳል። ማታ የተናገረውን ይዞ ሌሊት በተናገረባቸው ሰዎች መሃል አልፎ ወንበሩ ጋ ይደርሳል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ አስተላላፊዎች እንደ ማክዶናልድ ዘመን ከተማቸው ቀርተው የውጭውን ጨዋታ በስክሪን እያዩ አስተላልፈዋል፤ ያ ግን ለአብዛኛዎቹ አለፈ።

ሌላም ነገር አለ። ሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች የራሱን ጨዋታ አስተላላፊ አይሰማም። የሚሰማው ማታ ነው፤ ከሚስቱ፣ ከእናቱ፣ ከስልኩ። ወሬ ደግሞ በሰው አፍ ሲመጣ ከብዶ ነው የሚመጣው። “እንዲህ አለህ” የሚለው ቃል ከተባለው ቃል ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የታየበት ቀን ጁን 29፣ 2017 ነው። ዴኒስ ኤከርስሊ ቦስተን ውስጥ የሬድ ሶክስን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚተነትን ሰው ነበር፤ የከተማው ሕዝብ የሚወደው፣ ፀጉሩንም አነጋገሩንም የሚያውቅለት። ከጉዳት በማገገም ላይ የነበረው ወጣቱ ፒቸር ኤድዋርዶ ሮድሪጌዝ በታችኛው ሊግ የወረወረው ውጤት ስክሪን ላይ ወጣ። ቁጥሩ መጥፎ ነበር። ኤከርስሊ አንዲት ቃል ተናገረ፤ በአማርኛ “ኤጭ” ብንላት እንቀርባታለን። ሌላ አልጨመረም።

ቡድኑ ወደ ቶሮንቶ ለመብረር ሲሳፈር ዴቪድ ፕራይስ፣ ከቡድኑ ውድ ፒቸሮች አንዱ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ኤከርስሊ ወደ ኋላ ወንበሩ ሲያልፍ ፕራይስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በዓለም ያልታየው ፒቸር መጣላችሁ፣ ይህ ጨዋታ ለሱ ቀላል ነው አለ። ኤከርስሊ ሊመልስ ሲሞክር ተሳድቦ አባረረው። ከተጫዋቾቹ ጥቂት የማይባሉት አጨበጨቡ። ኤከርስሊ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ በዚያ ጭብጨባ መሃል አልፎ ሄደ።

ፕራይስ ለታናሽ ጓደኛው መቆሙን አልነቅፍም፤ ወንድምን መከላከል ነው። ያሳዝነኝ የተናገረው ነገር ነው። ኤከርስሊ ራሱ ፒቸር ነበር፤ ጨዋታው ግን ቀላል የሆነለት ሰው አይደለም። በ2004 የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ቢገባም፣ አሜሪካ የሚያስታውሰው የኦክቶበር 1988ን አንድ ክፉ ምሽቱን ነው። የዓለም ሲሪስ በሚባለው የዋንጫ ፍልሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ለማሸነፍ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ቀርቶት፣ እግሩ የተጎዳው ኪርክ ጊብሰን ወጥቶ ጨዋታውን የወሰደ ሆም ራን መታበት። ኤከርስሊ ሮጦ አልተደበቀም። ልብስ መቀየሪያው ጋ ቆሞ ጋዜጠኛ ሁሉ ጠይቆ እስኪበቃው ድረስ መለሰ። ስለ ሽንፈት በግልጽ መናገርን የተማረው በራሱ ሽንፈት ላይ ነው። ፕራይስም በ2018 የሲሪሱን የመጨረሻ ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ለቦስተን አመጣ፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው።

ዋሽንግተንም የራሷ ታሪክ አላት፤ በዚህኛው ላይ ግን የእኔ ፍርድ ሌላ ነው። ስቴፈን ስትራስበርግ የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ ጁን 8፣ 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወረውር 14 መቺዎችን ኳሱን ሳያስመታ አወጣ። ከሴናተርስ ዘመን ወዲህ ከተማዋ እንዲህ ያለ ክንድ አላየችም ተባለ። ኦገስት 21 ፊላደልፊያ ላይ አንድ ኳስ ወርውሮ ፊቱን አጨማደደ፣ ክንዱን አራገበ፣ ከሜዳ ወጣ። የናሽናልስ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሮብ ዲብል ራሱ በጉልበቱ የታወቀ፣ በ1990 ከሲንሲናቲ ጋር ሻምፒዮን የሆነ ፒቸር ነበር። በራዲዮ ፕሮግራሙ ላይ፣ ልጁ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ መቀጠል ነበረበት፣ ሙያው ይኸው ነው የሚል ትችት ሰነዘረ። ከቀናት በኋላ የሐኪሙ ውጤት መጣ፤ የክርኑ ጅማት ተበጥሷል። ስትራስበርግ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ በሚተከልበት፣ በፒቸሩ ቶሚ ጆን ስም በሚጠራው ቀዶ ሕክምና አለፈ፤ ወደ ሜዳ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ዲብል በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሥራው ተሰናበተ። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ ሲያነሳ የሲሪሱ ኮከብ የተባለው ይኸው ስትራስበርግ ነበር።

ሁለቱ ተንታኞች ፒቸሮች ነበሩ፣ ሁለቱም ወጣት ፒቸርን ተቹ። ኤከርስሊ ግን የተቸው ስክሪን ላይ የወጣውን ቁጥር ነው፤ ማንም ያየውን። ዲብል የፈረደው በሰው ክርን ውስጥ ባለ፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያየው በማይችለው ሕመም ላይ ነው። ለጋሼ በመጨረሻ የሰጠኋቸው መልስም ይኼው ነበር። አስተላላፊው የአድማጩ ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚያየውን ነው የሚናገረው። ጋሼ፣ “የሚወድህ ያስለቅስሃል የሚባለው ነው” አሉኝ።

ከተጫዋች ጠብ የሚከፋው ግን የባለቤት ነው። ተጫዋች ይናደዳል፣ ስልክ ይደውላል፤ በ2004 የቺካጎ ካብሱ ኬንት መርከር በጨዋታ መሃል ወደ አስተላላፊዎቹ ክፍል ደውሎ ቅሬታ አሰምቷል። ባለቤት ግን ዝም ያሰኛል። እዚህ አጠገባችን ባልቲሞር፣ ዋሽንግተን ከ1972 እስከ 2004 ቡድን ባልነበራት ዘመን የሮክቪል ሰው ሳይቀር ያዳምጠው የነበረ ጆን ሚለር የሚባል ድንቅ ድምፅ ነበር። የባልቲሞሩ ቡድን የኦሪዮልስ የያኔው ባለቤት ፒተር አንጀሎስ ለቡድኑ በበቂ አይቆረቆርም ብለው ከ1996 በኋላ ሳያስቀጥሉት ቀሩ። ሚለር ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ በ2010 ለአስተላላፊዎች የሚሰጠውን ትልቁን የፎርድ ፍሪክ ሽልማት ተቀበለ።

በ2023 ደግሞ ኬቨን ብራውን የተባለው የዚሁ ቡድን ወጣት አስተላላፊ፣ ኦሪዮልስ በታምፓ ቤይ ሜዳ ባለፉት ዓመታት ክፉኛ ይሸነፍ እንደነበርና ዘንድሮ እንደተሻለው ተናገረ። ምስጋና ነበር። ቁጥሩም ቡድኑ ራሱ ለጋዜጠኞች ካደለው ወረቀት የተወሰደ ነው። ከዚያ በኋላ ብራውን ከስርጭት ጠፋ፤ መታገዱ ሲወራ የሌሎች ቡድኖች አስተላላፊዎች በየማይክራፎናቸው ተቆጡለት፤ ሜዳ የገባው ሕዝብ “ብራውንን ልቀቁ” እያለ ዘመረለት። በኦገስት ተመለሰ። ይህን ሕዝብ ወድጄዋለሁ። ለተሰረዘ ነጥብ ሳይሆን እውነት ለተናገረ ሰው ነው የጮኸው።

ወደ ጆንሰን ልመለስ። ዋሽንግተን ውስጥ ደብልዩ ጄ ኤስ ቪ የሚባለው የራዲዮ ጣቢያ ሴፕቴምበር 21፣ 1939 ከማለዳ እስከ ሌሊት ያሰራጨውን ሁሉ ቀድቶ አስቀምጧል። የቀኑ ትልቅ ወሬ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አውሮፓ ውስጥ ስለተነሳው ጦርነት ለምክር ቤቱ ያደረጉት ንግግር ነው። ከሱ በኋላ ግን ከግሪፊት ስታዲየም ጨዋታ አለ፤ ሴናተርስ ከክሊቭላንድ። ከሚያስተላልፉት አንዱ ዋልተር ጆንሰን ነው። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ኳሱ ወዴት እንደሄደ ይናገራል፤ ቀጣዩን መቺ ይጠራል። ለዚያ ቡድን 21 የውድድር ዘመን የወረወረ ሰው፣ እኔ ብሆን ኖሮ ሲል አይሰማም።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ወደ ሐኪም ቤት ሳደርሳቸው ቅጂውን መኪና ውስጥ ከፈትኩላቸው። ያ ተጫዋችም፣ ዳኛም፣ ስታዲየሙም ዛሬ የለም። ጋሼ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ፣ አንገታቸውን ወደ ራዲዮው ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡና፣ “አሁን ማን እየመራ ነው?” አሉኝ።