«ከእንግዲህማ እድሜ ለንስሐ ነው»፦ በ45 ዓመት አዲስ ነገር መጀመር ለምን ያስፈራል? ምንስ ይደረጋል?

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። የዚህ ገጽ አዘጋጆች ከሆንነው የአንዳችን እናት፣ የ47 ዓመት ሴት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። ለጎረቤት «ለቅሶ ልደርስ ነው» ብለዋል። የሄዱት ግን ለቅሶ አልነበረም። የማታ ትምህርት ሊመዘገቡ ነው። በልጅነታቸው ከ6ኛ ክፍል ያቋረጡትን ከ7ኛ ሊቀጥሉ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጥበቃው «እናቴ፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?» አላቸው። «አዎ፣ ነገ ይዣት እመጣለሁ» ብለው ተመለሱ።

በሳምንቱ ደግመው ሄዱ። ሰልፉ ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ አዩና መንገዱን ተሻግረው ሽንኩርት ገዝተው ቤታቸው ገቡ።

ይህን የነገሩን ከወራት በኋላ እየሳቁ ነው። ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም። ማታ ማታ እንቅልፍ ያጡ ነበር። ለምን እንደፈሩ ስንጠይቃቸው ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰው ምን ይለኛል? ከእንግዲህማ እድሜ ለንስሐ ነው እንጂ።»

ይህን አባባል ሁላችንም ቤት ሰምተነዋል አይደል? ሹፌር መሆን የሚፈልግ የ42 ዓመት የጥበቃ ሠራተኛ ይለዋል። ከአረብ ሀገር ተመልሳ ከየት ልጀምር የምትል የ40 ዓመት ሴት ትለዋለች። ጡረታ 10 ዓመት የቀረው የመንግሥት ሠራተኛ ይለዋል። ዛሬ ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚፋፋና ምን ቢደረግ እንደሚሻል እንይ። «ተነሱ! ትችላላችሁ!» ብለን ልንጮህባችሁ አይደለም። እሱን የሚያደርጉ በቂ ሰዎች አሉ።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1965 ኤሊየት ጃክስ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ ዓለም ሁሉ «የጎልማሳነት ቀውስ» እያለ የሚጠራውን ነገር ስም ያወጣለት ያ ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው የዕድሜው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቀሪው ጊዜ ውስን መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብ ይገባዋል። ልጅ ሳለን «ሳድግ» እንላለን። ወጣት ሳለን «አንድ ቀን» እንላለን። 40ን ስናልፍ «አንድ ቀን» የሚለው ቃል ማስፈራራት ይጀምራል።

ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ሁሉም ሰው በዚህ ቀውስ ውስጥ እንደማያልፍ አሳይተዋል። ስለዚህ 40 ሞላኝ ብላችሁ ቀውስ እስኪመጣ አትጠብቁ። ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው ሌላው ስመ ጥር የሥነ ልቦና ሊቅ ደግሞ የዚህን ዕድሜ ጥያቄ በሌላ መልክ አስቀምጦታል። እንደ እሱ አባባል የጎልማሳ ሰው ትልቁ ትግል ለሚቀጥለው ትውልድ የሚሆን ነገር በማፍራትና ባሉበት ቆሞ በመቅረት መካከል ነው። ማለትም ውስጣችሁን የሚበላችሁ ያ «አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ» የሚል ስሜት በሽታ አይደለም። የዕድሜው ሥራ ነው።

እኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። የ45 ዓመት ሰው ከታች የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከላይ የእናት የአባት መድኃኒት፣ መሃል ላይ የቤት ኪራይና እቁብ አለበት። በ20 ዓመቱ ቢወድቅ የሚወድቀው ብቻውን ነበር። አሁን ቢወድቅ አምስት ሰው ይዞ ነው። ይህ ፍርሃት ሞኝነት አይደለም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው።

ችግሩ ከዚህ እውነተኛ ስጋት ጋር ሌላ ፍርሃት ተደባልቆ መምጣቱ ነው። ስሙ ይሉኝታ ይባላል። «ከልጆቼ እኩያ ጋር ተቀምጬ?» «ሳልችል ብቀር መሳቂያ አልሆንም?» የማታ ትምህርት መመዝገብ የእናታችንን ቤት አያፈርስም። ማንም ጦሙን አያድርም። ከበሩ የመለሳቸው የገንዘብ ስጋት ሳይሆን የጎረቤት ዓይን ነው።

ፍርሃት እንዴት ይፋፋል?

እናታችን ከትምህርት ቤቱ በር ሲመለሱ ምን ተሰማቸው መሰላችሁ? እፎይታ። «ተገላገልኩ» ብለዋል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው።

የሚያስፈራንን ነገር ስንሸሽ ልባችን ወዲያው ይረጋጋል። አእምሯችንም ከዚህ ትምህርት ይወስዳል፦ «አየህ? የዳንከው ስለሸሸህ ነው።» በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ በር ስንደርስ ፍርሃቱ ከፊተኛው ብሶ ይጠብቀናል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው የከበዳቸው። በየዓመቱ «ለከርሞ» እያልን የምናስተላልፈው ነገር በየዓመቱ የሚገዝፍብንም ለዚሁ ነው።

የሥነ ልቦና ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ፍርሃትን ሲያክሙ ከሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች አንዱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰውየውን ከሚፈራው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ። ውሻ የሚፈራ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ያያል፣ ቀጥሎ ከሩቅ ያያል፣ ቀጥሎ ቀረብ ይላል። በየደረጃው ፍርሃቱ እስኪበርድ ይቆያል። አእምሮ «እዚህ ቆሜ ምንም አልሆንኩም» የሚለውን የሚማረው በምክር ሳይሆን እዚያው በመቆም ነው። የኛ ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያለው ከሐኪሞቹ በፊት ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትልቅ ነገር አለ። ብዙዎቻችን «መጀመሪያ ፍርሃቴ ይለቀኝ፣ ከዚያ እጀምራለሁ» እንላለን። አሠራሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፍርሃት የሚቀንሰው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ኪቦርዱ የታክሲው ኮፈን ውስጥ

መነሳሳትስ? «ሞራሉ የለኝም» ለሚሉ ሰዎች አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

ኃይሉ መርጊያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን፣ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው፣ አንድ ካሴት ቀረጹ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን መድረክ ላይ መጫወቱን አቆሙ። ያኔ ዕድሜያቸው 45 አካባቢ ነበር። በኋላም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

ሰው ይህን ሲሰማ «አለቀላቸው» ይላል። እሳቸው ግን ኪቦርዳቸውን አልሸጡም። በታክሲው የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ዳላስ ኤርፖርት ተራ ይዘው ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዳሉ። ተመልካች የለም፣ ክፍያ የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ያ የድሮ ካሴት በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ አማካይነት እንደገና ታተመ። ዓለም «ይህ ሰው የት ነው ያለው?» አለ። ኃይሉ 67 ዓመት ሊሞላቸው ወይም ሞልቷቸው ነበር። ጣታቸው ግን አልደረቀም። ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተሰኙ አዳዲስ አልበሞችን አወጡ።

ይህን ታሪክ የምንነግራችሁ «ጠብቁ፣ አንድ ቀን ፈረንጅ መጥቶ ያገኛችኋል» ለማለት አይደለም። ያ ዕድል ነው፤ በዕድል ላይ እቅድ አይወጣም። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ካሴቱን ማንም ባያገኘው ኖሮም በየተራው መሃል ያቺ ግማሽ ሰዓት የእሳቸው ነበረች። መነሳሳት ከሰማይ እስኪወርድ አልጠበቁም። የሚወዱትን ነገር በእጃቸው ይዘው ቆዩ፣ መነሳሳቱም አብሯቸው ቆየ።

እናንተስ ኮፈናችሁ ውስጥ ምን አለ? ስፌት? ሥዕል? ያቋረጣችሁት ትምህርት? በወረቀት የቀረ የንግድ ሐሳብ?

ዕድሜ ኪሳራ ብቻ አይደለም

«የንግድ ነገር የወጣት ነው» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ከሁሉም በፍጥነት ያደጉትን አዳዲስ ኩባንያዎች የመሠረቱ ሰዎች ሥራውን ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ዓመት ነበር። ምክንያቱም ዕድሜ ብቻ አይደለም። በዚያው የሥራ ዘርፍ ቀድሞ ልምድ የነበራቸው ሰዎች የመሳካት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አሜሪካ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ብድሩም ገበያውም ይለያያል። ግን ሰውን ማወቅ፣ ገበያን ማወቅ፣ ማን እንደሚያጭበረብር ማወቅ እዚህም ሀብት ነው። የ22 ዓመት ልጅ ይህን አያውቅም። እኛ የ20ዎቹ ልጆች ስለሆንን በሙሉ ልብ እንመሰክራለን።

በስፖርቱም ቢሆን ማሞ ወልዴን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አመጣ።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

*ሁለቱን ፍርሃቶች ለዩ።* ወረቀት አውጡና መሃሉን አስምሩ። በአንድ በኩል «ይህን ብጀምር በእውነት ምን ላጣ እችላለሁ?» የሚለውን ጻፉ፦ ብር፣ ጊዜ፣ ጤና። በሌላው በኩል «ሰው ምን ይላል» የሚለውን። የመጀመሪያው ስሌት ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው ልምምድ ብቻ ነው።

*ሥራ አትልቀቁ።* ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ «ሁሉን ጥለህ ህልምህን ተከተል» የሚላችሁን ሰው የልጆቻችሁን ክፍያ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁት። ብከስረውም ቤቴ አይናጋም የምትሉትን ገንዘብና ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ። ከዚያ በላይ አትሂዱ።

*ደረጃውን አሳንሱ።* «መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ» ትልቅ ነው። «ነገ ሄጄ ክፍያው ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ» ግን ይቻላል። ጠይቃችሁ ብትመለሱም አንድ ደረጃ ወጥታችኋል።

*ለአንድ ሰው ንገሩ።* ለሰፈሩ ሁሉ ሳይሆን ለአንድ ለማይስቅባችሁ ሰው። ምስጢር ሆኖ የሚቀር ነገር ለመተው ይቀላል።

*ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።* ፍርሃቱ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ያለ ምክንያት ልባችሁ የሚመታ ከሆነ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ ይህ በምክር የሚያልፍ ላይሆን ይችላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማነጋገር እብደት አይደለም።

ሦስተኛው ጉዞ

እናታችን በሦስተኛው ምን አደረጉ? ከመሄዳቸው በፊት ለልጃቸው ነገሩት። እሱም ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ዲግሪ የሌለው ልጅ ነው። «አብሬሽ ልሂድ?» አላቸው። «በር ድረስ ብቻ» አሉት።

ጥበቃው ያው ነበር። «እናቴ፣ ልጅቷን ይዘው መጡ?» አላቸው። «ልጅቷ እኔ ነኝ» አሉት። አልሳቀም። «መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘዋል?» ነው ያላቸው። ፎቶ አልያዙም ነበርና በማግሥቱ ይዘው ተመለሱ።

ታሪኩ በዚህ አያልቅም። የመጀመሪያው የሂሳብ ፈተና ላይ ወድቀዋል። እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እስካሁን እጃቸው ይልበዋል። አጠገባቸው የምትቀመጠው የ17 ዓመት ልጅ «እትዬ» እያለች ታስረዳቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ቆሎ ይዘውላት ይሄዳሉ። የ8ኛ ክፍል ፈተና ገና ከፊታቸው አለ። ይለፉ አይለፉ አናውቅም።

ጎረቤት ግን ሰምቷል። የፈሩት ሳቅም አልቀረም፤ ሁለት ሦስት ሰው ስቋል። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አረጀ። ከዚያ አንድ ምሽት ላይ፣ ከሳቁት መካከል አንዷ ሴትዮ በሩን ቀስ ብላ አንኳኳች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦

«የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ ነው?»

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ እናንተስ ከየትኛው በር ነው የተመለሳችሁት? ካነበብነው እንማማርበታለን፤ ጻፉልን።