ድሬዳዋ ሁለት ባቡር ጣቢያ ለምን ኖራት?

ዛሬ በባቡር ድሬዳዋ የደረሰ መንገደኛ ከዚራ ደረሰ ማለት አይደለም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ በመሆኑ መሃል ለመግባት ሌላ ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። ጓዝ ለያዘ ነጋዴ ይህ ተጨማሪ ወጪ ነው።

የከዚራው ጣቢያ ግን ከተማዋን ራሷን የወለደ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ የተራራው አቀበት ወጪውን ስለሚያንረው መስመሩ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ሰፈሩ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ድሬዳዋ የጉዞው ማብቂያ ሆና ቆየች፤ ከደጋው በጋማ ከብትና በግመል የወረደው ቡና የሚጫነው እዚህ ነበር። በጣቢያው ዙሪያ ከዚራ በቀጥተኛ ጎዳናዎች ተቀየሰ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፋ።

አዲሱ ባቡር በአሮጌው ጣቢያ የማይቆመው በሐዲዱ ምክንያት ነው። የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአሁኑ 1.435 ሜትር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፈጣን ባቡር ሰፊ ኩርባና ለዘብ ያለ ዳገት ስለሚፈልግም መስመሩ እንደ አዲስ ተዘረጋ። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ።

የመንገደኛ ባቡሩ የሚቆመው በጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ነው። የቀድሞው ባቡር ግን በየትንንሹ ጣቢያ ይቆም ስለነበር የገጠሩ ሰው ፍራፍሬውን በመስኮት ይሸጥ ነበር። አሮጌዎቹ ባቡሮች ዛሬ በከዚራ ግቢ ቆመዋል።