በከሚሴ የሚገናኙ አኃዞች፤ የሮማና የግዕዝ ቁጥር አነባበብ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ንባብ የሚያውቅ ሰው አራት ዓይነት አኃዝ ያጋጥመዋል። በገበያና በመሥሪያ ቤት 1፥ 2፥ 3 ይጻፋል፤ በቁርኣን ላይ የአንቀጾቹ ቁጥር በዐረብኛ አኃዝ ይገኛል፤ በአንዳንድ የሰዓት ገጽና በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ምዕራፍ ላይ የሮማ ቁጥር ይታያል፤ በሕግ ጋዜጣ ደግሞ የግዕዝ አኃዝ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኋለኞቹን ሁለቱን አስተያይቶ ማስረዳት ነው።

የሮማ ቁጥር የሚጻፈው በሰባት የላቲን ፊደላት ነው። እነርሱም አይ 1፥ ቪ 5፥ ኤክስ 10፥ ኤል 50፥ ሲ 100፥ ዲ 500፥ ኤም 1000 ናቸው። ትንሹ ከትልቁ በኋላ ሲመጣ ይደመራል፤ ቀድሞት ሲመጣ ግን ይቀነሳል። ስለዚህ ኤክስ አስቀድሞ አይ ቢከተል 11፥ አይ ቀድሞ ኤክስ ቢከተል 9 ይሆናል። በዞኑ በኦሮምኛ የሚማር ልጅ እነዚህኑ ፊደላት ለንባብ ያውቃቸዋል፤ ለእርሱ ኤክስ የ«ጥ»፥ ሲ የ«ጭ» ድምፅ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ምልክት መቼ ድምፅ፥ መቼ ቁጥር እንደሚሆን መምህሩ ለይቶ ሊያሳየው ይገባል።

የግዕዝ አኃዝ ግን የራሱ ምልክቶች አሉት፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሕፈት ላይም ይገኛል። ምልክቶቹ ሃያ ብቻ ናቸው።

ከ1 እስከ 9፤ ፩ ፪ ፫ ፬ ፭ ፮ ፯ ፰ ፱
ከ10 እስከ 90፤ ፲ ፳ ፴ ፵ ፶ ፷ ፸ ፹ ፺
መቶ ፻፤ እልፍ (10,000) ፼

ሕጉም ቀላል ነው። ዐሥሩ ቀድሞ አንዱ ይከተላል፤ ፴፭ ማለት 35 ነው። ከ፻ በፊት የተጻፈ ቁጥር መቶውን ያበዛል፤ ከ፻ በኋላ የተጻፈ ይደመራል። ስለዚህ ፲፱፻፹፯ ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰባት ነው፤ አፋችን እንደሚናገረው እጃችን ይጽፋል። ይህን 1987 በሮማ ቁጥር ለመጻፍ ዐሥር ፊደላት ሲያስፈልጉ በግዕዝ አምስት ምልክቶች ይበቃሉ።

ሁለቱም አጻጻፎች ዜሮ የላቸውም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ 1987ን ፩፱፰፯ ብሎ፥ 305ንም ፫፭ ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ፫፻፭ ነው። በግዕዝ አኃዝ ዋጋውን የሚሰጠው ምልክቱ ራሱ ስለ ሆነ ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ዜሮ አያስፈልግም።

ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይገኛል። የአዋጆች ቁጥርና አንቀጽ በአማርኛው ዐምድ በግዕዝ አኃዝ ሲታተም ኖሯል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዓመቱን ለመጻፍ «ሺ» የሚለውን ቃል መጨመር ተለምዷል፤ 2006 በጥንቱ አጻጻፍ ፳፻፮ ሲሆን በጋዜጣው ፪ሺ፮ ተብሎ ይገኛል። ሁለቱን የማያውቅ አንባቢ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ሊመስሉት ይችላሉ። ስለ መሬቱ ወይም ስለ ሥራ ውሉ የሚከራከር ሰው ፲፮ን ከ፲፯ ካልለየ፥ ሕጉ በእጁ ሳለ መብቱን የሚያነብለት ሌላ ሰው መፈለጉ ነው።

ለዚህ ችግር የሚበቃው መድኃኒት ትንሽ ነው። ሃያዎቹ ምልክቶች በአንድ ሰፊ ካርቶን ተጽፈው በየክፍሉ ቢሰቀሉ፥ ከየምልክቱ አጠገብም የአማርኛውና የኦሮምኛው ንባብ ቢኖር፥ ተማሪው በጥቂት ቀን ያውቃቸዋል። ፫ን የግዕዝ ተማሪ «ሠለስቱ»፥ የአማርኛ ተናጋሪ «ሦስት»፥ የኦሮምኛ ተናጋሪም «ሰዲ» ይለዋል፤ ቁጥሩ ግን ያው አንድ ነው። አኃዝ የአንድ ቋንቋ ብቻ ንብረት ስላልሆነ፥ የከሚሴ ልጅ የሮማውንም የግዕዙንም ሳይፈራ የራሱ ሊያደርግ ይችላል።